ስለ አሮጌ አውቶሞቢልና ስለ መለዋወጫው ታሪክ



ጧት ወደ መሥሪያ ቤትዎ ሲሄዱ አንድ አሮጌ ቮልስ በአጠገብዎ ያለፈ እንደ ሆነ፣ ያለፈው አንድ መኪና ነው ብለው አይቸኩሉ። ሞተሩ ከሌላ፣ በሩ ከሌላ፣ ወለሉም ከሌላ የመጣ ሊሆን ይችላል። የፊት መብራቱን የሰጠው መኪና ምናልባት ዐሥር ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ ጥግ ሣር በቅሎበት የቆመ ይሆናል። ሊብሬው ግን አንድ የባለቤት ስም፣ አንድ የሻንሲ ቁጥርና አንድ የሞተር ቁጥር ብቻ ይናገራል። የዛሬው ንግግራችን በሊብሬውና በመኪናው መካከል ስላለው ስለዚህ ልዩነት ነው። አሮጌ መኪና በርካሽ ገዝቶ፣ የሚድነውን አድሶ፣ የማይድነውን ፈትቶ መሸጥ በከተማችን ብዙ ሰው እንጀራ የበላበት ሙያ ነው፤ ታሪኩ ግን በመዝገብ ቤት ተጽፎ አይገኝም። ተጽፎ የሚገኘው በመካኒኮቹ አነጋገርና በመኪኖቹ አካል ላይ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ አንዲት ሲድሌ መኪና ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ በረሃውንና አቀበቱን አቋርጦ ወደ ከተማው አመጣ። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በዚያን ጊዜ ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር፤ አዲስ አበባ የደረሰው ከ9 ዓመት በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንት፣ የሌጋሲዮኖችና የጥቂት ነጋዴዎች ንብረት ሆኖ ቆየ። አንዱ ከእንግሊዝ፣ አንዱ ከፈረንሳይ፣ አንዱ ከአሜሪካ የመጣ ስለ ነበረ የአንዱ ብሎን ለሌላው አይሆንም። አንድ ዕቃ የተሰበረ እንደ ሆነ ወደ አውሮፓ ተጽፎ፣ በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲም በባቡር እስኪመጣ ድረስ መኪናው በጓሮ ይተኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። መኪና ፈትቶ ለመሸጥ የሞተ መኪና ብቻውን አይበቃም፤ በሕይወት ያለ ወንድሙ በመንገድ ላይ መኖር አለበት። አንድ ዓይነት መኪና በብዛት በሌለበት አገር የተሰበረ መኪና ቁርጥራጭ ብረት ነው። በብዛት ባለበት አገር ግን የተሰበረው መኪና ራሱ መጋዘን ይሆናል። ስለዚህ የዚህ ንግድ ታሪክ የሚጀምረው የመጀመሪያው መኪና ከገባበት ቀን ሳይሆን፣ ብዙ አንድ ዓይነት መኪኖች ከገቡበት ቀን ነው። ያን ቀን ያመጣብን ደግሞ ጦርነት ነው።

ጠላት በመስከረም 1928 ዓ.ም. ወሰናችንን ጥሶ በገባ ጊዜ በካሚዮን ተጭኖ ነበር። ማርሻል ባዶልዮ በሚያዝያ ወር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተንቀሳቀሰው ከሺህ የሚበልጡ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነው። ጣርማ በር ሲደርስ መንገዱ ተቆርጦ ስለ ቆየው፣ ዝናቡም ስለ ጨመረ፣ ካሚዮኖቹ በጭቃ ተውጠው ወታደሩ በእጁና በገመድ እየጎተተ አወጣቸው። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በተከታዮቹ 5 ዓመታት ከምጽዋና ከአሰብ ወደ መሐል አገር በተዘረጉት መንገዶች ላይ የጣሊያን ካሚዮኖች ሲመላለሱ ኖሩ። ከእነዚህም መካከል ዋናው ፊያት 634 ኤን የሚባለው ነው። ኤን የምትለው ፊደል የምትጠቁመው ናፍጣን ነው፤ ሞተሩ በቤንዚን ሳይሆን በናፍጣ የሚሠራ መሆኑን ታመለክታለች። የቀድሞ ሹፌሮች ቁጥሩን አሳጥረው ትሬንታ ኳትሮ ይሉት ነበር። ሌላው የላንቻ ፋብሪካ ሥራ ሲሆን፣ ስሙ ዛሬም በአዲስ አበባ ላንቻ በምንለው ሰፈር ላይ ይሰማል።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲሸነፍ በየመንገዱ ዳርና በየሰፈሩ ጥሎት የሄደው ተሽከርካሪ ብዙ ነበር። ሆኖም ሁሉም ለእኛ አልቀረም። የእንግሊዝ ጦር የጣሊያን ንብረት የጦር ምርኮ ነው በማለት መኪናውንም፣ የፋብሪካውንም መሣሪያ እየነቀለ ብዙውን ከአገር አስወጥቷል። ይህ በጊዜው በሁለቱ መንግሥታት መካከል ቅሬታ ያሳደረ ጉዳይ ነው። ለእኛ የቀረው እንግሊዝ ያልፈለገው፣ ማለትም የማይነሣውና የማይጎተተው ነበር ቢባል ብዙ አይሳሳትም። የመለዋወጫ ንግዳችንም ሀብት ይኸው የማይነሣው ሆነ።

ከመኪናው ጋር የመካኒኩም ነገር አለ። ጣሊያኖቹ በ1934 እና በ1935 ዓ.ም. በበርበራ በኩል በመርከብ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ጥቂቶቹ ግን እዚሁ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ክፉን በክፉ እንዳንመልስ ባወጁት ቃል መሠረት ሕዝቡ አልነካቸውም፤ መንግሥትም የእጅ ባለሙያ ይፈልግ ነበር። ከቀሩት መካከል ብዙዎቹ አናጢ፣ ግንበኛና መካኒክ ነበሩ። በየሰፈሩ ትንንሽ ኦፊቺና ከፈቱ። በእነዚህም ኦፊቺናዎች ውስጥ መፍቻ ለማቀበል፣ ዕቃ በናፍጣ ለማጠብ፣ ጎማ ለመንፋት የተቀጠሩት የአዲስ አበባና የአሥመራ ልጆች ናቸው። ማንም መጽሐፍ ከፍቶ አላስተማራቸውም። ጌትዮው ብሎኑን ሲፈታ ያያሉ፤ ሲወጣ ራሳቸው ይሞክራሉ፤ ያበላሹ እንደ ሆነ በስድብ ይታረማሉ። ዲፕሎማ ስላልተሰጣቸው ስማቸው በየትኛውም መዝገብ የለም። ነገር ግን ለዚህ ትምህርት ምስክር የሚሆን አንድ ሰነድ ትተውልናል። እርሱም ቋንቋችን ነው።

እስኪ መካኒክዎ የሚናገረውን ያዳምጡ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፊልትሮ፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፋኖ ይላል። መፍቻዎቹም ካቻቪቴና ፒንሳ ናቸው፤ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ፣ ብረት የሚላገው ቶርኖ ነው። አብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። አሁን ደግሞ ወደ መኪናው ውስጥ ገብተው ይቀመጡና ዙሪያዎን ይመልከቱ። በር፣ ወንበር፣ መስታወት፣ መብራት፣ መሪ። ይህ ሁሉ አማርኛ ነው። ተሳፋሪው የሚነካውን ሁሉ በገዛ ቋንቋችን ጠራነው፤ መካኒኩ በጀርባው ተኝቶ ከታች የሚነካውን ግን ካስተማሩት ሰዎች አፍ እንዳለ ተቀበለው። የቋንቋ ሊቃውንት ስለ ባዕድ ቃል ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። እኔ ግን ካምቢዮ የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር በዘይት የጨቀየ ካኪ ለብሶ ጌትዮው የሚለውን በልቡ የሚያጠና አንድ ልጅ ይታየኛል፤ ቃሉንም ልንቅበት አይቻለኝም።

ይህ ባለሙያ ተዘጋጅቶ ሲጠብቅ የትንንሽ መኪኖች ዘመን መጣ። ፊያት ፋብሪካ በ1947 ዓ.ም. ሰይቼንቶን በጄኔቭ አወጣ። ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ 633 ሲሲ ብቻ የሆነ፣ ርዝመቱም ከ3 ሜትር ከሩብ የማይበልጥ መኪና ነበር። አዲስ አበባም ሰማያዊና ነጭ ቀብታ ታክሲ አደረገችው። ከሰይቼንቶ ጋር ጎን ለጎን የገባው የጀርመኑ ፎልክስቫገን ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ስሙን አሳጥሮ ቮልስ አለው። በነዚህ ሁለት መኪኖች ምክንያት ደመወዝተኛው የመንግሥት ሠራተኛ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪና ባለቤት ለመሆን ተመኘ። አዲሱን መግዛት የማይችል ሰው ሌላው የጠገበውን ገዛ፤ የውጭ አገር ሠራተኛም ጊዜውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናውን እዚሁ ሸጦ ሄደ።

ስለ ቮልስ ጥቂት ልናገር፤ የዚህ ንግድ ዐይነተኛ መኪና እርሱ ነውና። ፋብሪካው ቮልፍስቡርግ ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወድቆ ነበር። ከኛ አገር መሣሪያ ነቅሎ የወሰደው ያው መንግሥት፣ በዚያ ግን ኢቫን ሂርስት በሚባል ሻለቃ አማካይነት ፋብሪካውን አስነሥቶ መኪና አሠራበት። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ቮልስ ቁጥሩ 21 ሚሊዮን 529 ሺህ 464 ሲሆን፣ የመጨረሻው በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ወጣ። ሞተሩ በአየር ስለሚበርድ ራዲያተር የለውም፤ ስለዚህ በእንጦጦ አቀበት ውሃው ፈልቶ አይቆምም። እርግጥ ነው፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ከፍ ባለች ከተማ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ማንኛውም እንዲህ ያለ ሞተር ከኃይሉ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ያም ሆኖ ይወጣል።

ለመካኒኩ ግን የቮልስ ውበት ሌላ ነው። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በ4 ብሎን ብቻ ስለ ሆነ ሁለት ሰው ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ አውርዶ ሌላ ሊሰቅልበት ይችላል። የላይኛው አካልም ከወለሉ ጋር የተበየደ ሳይሆን በብሎን የታሰረ ነው። ብሎኖቹን ፈትቶ አካሉን እንደ ክዳን ማንሣትና በሌላ ወለል ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ፋብሪካው የመኪናውን መልክ ለብዙ ዓመታት ብዙ ስላልለወጠው የአንዱ ዓመት ዕቃ በአመዛኙ ለሌላው ዓመት ይሆናል። ችግር የሚፈጥረው አንዱ ነገር ኤሌክትሪኩ ነው፤ እስከ 1960 ዓ.ም. ገደማ የተሠሩት በ6 ቮልት፣ ከዚያ በኋላ የተሠሩት በ12 ቮልት ይሠራሉና ይህን ሳያስተውል የቀላቀለ ሰው መብራቱንም ሞተሪኖውንም ያቃጥላል። ሌላው ደካማ ቦታው ባትሪው ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለ ተቀመጠ አሲዱ እየፈሰሰ ወለሉን ይበላዋል። ስለዚህ አንዱ ቮልስ በግጭት አካሉን ያጣል፤ ሌላው በዝገት ወለሉን ያጣል። ሁለቱን ሙታን በአንድ ግቢ ያገናኘ መካኒክ አንድ ሕያው አገኘ ማለት ነው።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የሆነውን አንባቢ ያስታውሰዋል ወይም ከአባቱ ሰምቶታል። በዓለም የነዳጅ ዋጋ ስለ ናረ የቤንዚን ዋጋ በአገራችን በግማሽ ያህል ተጨመረ፤ የካቲት 11 ቀንም የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መንግሥት ከጥቂት ቀን በኋላ ዋጋውን ቢቀንስም ነገሩ አልበረደም፤ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። ስለ አብዮቱ ብዙ ተጽፏልና እኔ አልጨምርበትም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ስለ ጠበበ የግል መኪና ማስገባት እጅግ ከባድ ሆነ። የገባው ዋና መኪና የሶቪየቱ ላዳ ሲሆን ታክሲም ሆነ። መካኒኮቻችን ኮፋኖውን ከፍተው ባዩት ጊዜ የሚያውቁትን ዘመድ አገኙ፤ ላዳ የተሠራው በፊያት 124 ንድፍ ነውና። ከጣሊያን የተማረው እጅ በቶልያቲ የተሠራውን መኪና ለመክፈት አልቸገረውም።

የዚያን ዘመን የመለዋወጫ እጥረት ያየ ሰው መርካቶ ለምን እንደዚህ እንደ ሆነች ይገባዋል። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚፈለግበት ሰፈር ነው፤ አዲሱም፣ ያገለገለውም፣ ታድሶ አዲስ የመሰለውም በአንድነት ተደርድሮ ይገኛል። ምናለሽ ተራ ደግሞ ለሌላው ሰው ያበቃለት ብረት ሁሉ እንደገና ሥራ የሚያገኝበት ነው። ያረጀ ጎማ ተቆርጦ ጫማ ይሆናል፤ የተቀደደ ላሜራ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ከመኪና የሚጣል ነገር የለም ቢባል ከእውነት አይርቅም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ። በሌላው ዓለም መኪና ከመደብር የወጣ ዕለት ዋጋው መውደቅ ይጀምራል፤ በሃያ ዓመቱ ቁርጥራጭ ብረት ነው። በአገራችን ግን ቀረጡና የምንዛሪው እጥረት አዲሱን መኪና ስለሚያስወድዱት አሮጌውም አብሮ ተሰቅሎ ይኖራል። አባት በገዛው ዋጋ ላይ ልጅ ጨምሮ ይሸጣል። ስለዚህ በአዲስ አበባ መኪና የቁጠባ ሣጥን ነው፤ ደመወዝተኛው ገንዘቡን ያስቀምጥበታል። የፈታቹ ሒሳብም ከዚሁ ይነሣል። የማይነሣ መኪና በደኅናው ዋጋ ሲሦ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ አራቱ በሮች፣ መብራቶቹና ቸርኬዎቹ ለየብቻ ሲሸጡ ከሙሉው የበለጠ ያወጣሉ። ፈታቹ መኪናው እንዲነሣ ከማድረግና በቁራጭ ከመሸጥ የትኛው እንደሚያዋጣው የሚመርጠው ኮፋኖውን በከፈተ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ያ ሩብ ሰዓት ነው ሙያው።

ይሁንና ሙያው ባለበት ተንኰሉም አለ። ዝገት የበላው በር በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተልጎና ተቀብቶ እንደ መስታወት ያበራል፤ በሁለተኛው ክረምት ግን ቀለሙ ያብጣል። ትንሽ ማግኔት በኪስዎ ይዘው ይሂዱ፤ ላሜራው ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል። የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን ትተው የፍሬኑን መርገጫ ላስቲክ ይመልከቱ፤ በእግር ያለቀ ላስቲክ አይዋሽም። ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ የወጣ እንደ ሆነ ሞተሩ ዘይት እየጠጣ ነው። ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ ቢጠብቅዎ፣ ነገ በጧት ሲበርድ እመጣለሁ ይበሉት። ይህ ሁሉ ግን የገንዘብ ጉዳት ነው። የባሰው አደጋ በግጭት የተጣመመ መኪና በብየዳ ተቃንቶ ለማያውቅ ሰው ሲሸጥ ነው፤ ገዢው ልጆቹን ጭኖበት ወደ ደብረ ዘይት ይወርዳልና።

ይህን የምለው ከሰሚ ሰሚ አይደለም። ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዕቁብ በደረሰን ጊዜ ገንዘባችንን አዋጥተን አንድ የቆመ ቮልስ ገዛን። ባለቤቱ ጡረተኛ የነበሩ ሰው ሲሆኑ ስለ ሞቱ ወራሾቻቸው ሸጡልን። መኪናው ሸራ ለብሶ ብዙ ጊዜ የቆመ ነው። ሐሳባችን ሞተሩን አስከፍተን፣ ቀለም አስቀብተን፣ ሸጠን ትርፉን ለመካፈል ነበር። ከደመወዝ ውጭ የሆነ ገንዘብ አንዴ በእጃችን እንዲገባ ሁለታችንም በጣም እንፈልግ ነበር።

ጎትተን የወሰድንላቸው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ልጅ ሆነው ከጣሊያን ኦፊቺና የተማሩ አባት ነበሯቸው። ኮፋኖውን አልከፈቱም። በቀጥታ የኋላውን ወንበር አነሡና በወለሉ መካከል በሚያልፈው ጀርባ ላይ ያለውን አቧራ በጨርቅ ጠረጉት። የሻንሲው ቁጥር የተመታው እዚያ ላይ ነው። «ሊብሬውን አምጣው እስኪ፣ ልጄ» አሉኝ። አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። «ይህ ወረቀት የዚህ ወለል አይደለም» አሉ።

«ጋሼ፣ ተሰርቆ ነው ማለትዎ ነው?» አልኳቸው።

«አልልህም። ወለሉ በዝገት ሲያልቅ ከሌላ አምጥተው ቀይረውታል። በዚያ ዘመን ሁላችንም እናደርገው ነበር፤ ለመንገድ ትራንስፖርት የሚነግር ግን አልነበረም።»

ወራሾቹን ሄደን ብንጠይቅ እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። አባታቸው ከረጅም ጊዜ በፊት ወለሉን አስለውጠዋል፤ በቅን ልቡና ያደረጉት ነው፤ የተለወጠው ወለል የየትኛው መኪና እንደ ነበረ ግን የሚያሳይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት የለችም። እንግዲህ መኪናው በሕግ ፊት መኪና አይደለም። ደላላው መፍትሔ አለኝ አለ። ቁጥሩን በመሮ አጥፍቶ በሊብሬው ያለውን የሚመታ ሰው አውቃለሁ፤ ዋጋውም ትንሽ ነው፤ ማንም አያውቅም አለን። አንባቢ ሆይ፣ ወዲያው እምቢ አልን ብዬ ብጽፍልዎ እዋሻለሁ። ባልደረባዬና እኔ ሁለት ሌሊት አላደርንበትም፤ አራት ሌሊት ነው ያደርንበት። በመሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ማኅተምና ቁጥር የምንጠብቅ ሰዎች ስለ አንድ ቁጥር በሹክሹክታ ተመካከርን። በመጨረሻ ያስቆመን ከፍ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገ ገዢው አንድ ሰው ገጭቶ ምርመራ ቢመጣ፣ የመኪናው የመጀመሪያ ሻጮች እኛ ሆነን በወረቀት ላይ መገኘታችን ታየን።

መኪናውን ፈትተን ሸጥነው። ሞተሩ ደኅና ነበር፤ በሕጉ መሠረት ቁጥሩን ለማስመዝገብ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ወሰደው። በሮቹ፣ መብራቶቹና ካምቢዮው በወር ተኩል ውስጥ አለቁ። ወለሉን ጋሼ ቆራርጠው ለቁርጥራጭ ብረት ሰጡት። «ይህ ቁጥር ሌላ ሰው እንዳያሳስት» አሉ። ካወጣነው ገንዘብ ከግማሽ ጥቂት የሚበልጥ ተመለሰልን፤ የባልደረባዬ ባለቤትም ዕቁቡን ለዝገት አበላችሁት እያለች እስከ ዛሬ ትስቅብናለች። ስለዚህ እርስዎ ሲገዙ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ በእጅዎ ይያዙ፤ ሊብሬውን፣ የሻንሲውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር። ሞተር የለወጡ እንደ ሆነም የገዙበትን ደረሰኝ ይዘው ወዲያውኑ ያስመዝግቡ። እርስዎ ቢረሱት ዋጋውን ልጅዎ ይከፍላል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሁለት ትልልቅ ነገሮች መጥተዋል። አንደኛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ነው። አዋጁ ያገለገሉ መኪኖች ወደ አገር እንዳይጎርፉ በማሰብ፣ ከተሠሩ ከ7 ዓመት በላይ በሆናቸው ላይ ከ400 በመቶ የሚበልጥ ታክስ ጣለ። ሁለተኛው በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መንግሥት ያሳወቀው ውሳኔ ነው። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው፤ በእኛ በኩል ኃይል የሚያመነጭ ወንዝ አለን፣ ቤንዚን ግን የለንም። በምክንያቱ ላይ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገራችን ያለው የቤንዚን መኪና ሁሉ ተተኪ የሌለው ሆነ ማለት ነው። ያሉት እርስ በርሳቸው ዕቃ እየተዋዋሱ ይኖራሉ። መለዋወጫ የሚለው ያማረ የአማርኛ ቃል በእውነት ትርጉሙን አገኘ።

ስለ ኤሌክትሪኩ መኪና ግን ገና የምናየው አለ። ካንዴላ የለውም፤ ማርሚታ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ እንደ ቀድሞው ያለ ካምቢዮም የለውም። ከላይ ከቈጠርኳቸው ቃላት ገሚሱ እርሱ ዘንድ ሥራ የላቸውም። ባለፈው ወር ወደ ጋሼ ኦፊቺና ጎራ ባልሁ ጊዜ በግጭት የፊቱ የተጨፈለቀ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ተጎትቶ መጥቶ ነበር። ባለቤቱ አስጠግኖ ከመንዳት በቁራጩ መሸጥ እንደሚሻለው አስቦ አምጥቶታል። ወጣቱ ረዳታቸው ኮፋኖውን በብረት ፈልቅቆ ከፍቶ ቆሟል፤ ጋሼም መነጽራቸውን አድርገው ከጎኑ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ይህ ምን ይባላል?» አላቸው፣ አንድ የተሸፈነ የብረት ሣጥን እያመለከተ።

ጋሼ ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱት።

«ስሙ በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ እንዴት እንደ ታሰረ እንይ። ይህን ብርቱካንማ ሽቦ ግን እኔ ሳልነግርህ እንዳትነካው» አሉት፤ መፍቻም አስመጡ።